ከቆመ መኪና ውስጥ የሚቀር ሽጉጥ፦ ስርቆት የባለቤቱን ኃላፊነት ያቋርጣልን?



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያው ላይ ሲነበብ ጠባብ እንደሚመስል አውቃለሁ። አንድ ሰው በሕግ የያዘውን ሽጉጥ በቆመ መኪናው ውስጥ ትቶ ሊሄድ ይገባዋልን? ቢሰረቅስ፣ ሌባው ወይም ከሌባው የገዛው ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት የባለቤቱ ድርሻ ምንድን ነው? ጥያቄው በዋነኛነት የአሜሪካውያን ነው፤ መኪናም ሽጉጥም በዚያ ብዛት በግለሰቦች እጅ የሚገኙበት ሌላ አገር ማግኘት ያስቸግራልና። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜዬን እዚያው አሳልፋለሁ፤ የዚያን አገር ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። ወደ ራሳችን ሕግ የምመለሰው አንድ ቦታ ላይ ነው። የሕግ ተማሪዎች በተለይ እዚያ ላይ እንድትሞግቱኝ እፈልጋለሁ።

አስቀድሜ ግን በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ ተመልካች አለመሆኔን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለምርምር ሥራ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር በቨርጂኒያ ግዛት በአሌክሳንድሪያ ከተማ ተቀምጬ ነበር። የአክስቴ ልጅ እዚያው አካባቢ ሌሊት ሌሊት ታክሲ ይነዳል። አንድ ጊዜ ተዘርፎ ስለነበር ሽጉጥ ገዝቷል። አንድ እሑድ ማታ ለእራት ሲመጣ ከጃኬቱ ሥር ያለውን አየሁና በሩ ላይ አቆምኩት። «ልጆች ካሉበት ቤት ይኼን ይዘህ አትግባ፤ መኪናህ ውስጥ አስቀምጠው» አልኩት። «እሺ ጋሼ» ብሎ ተመለሰ፤ ከመቀመጫው ሥር ከቶት መጣ። እራት በላን፤ ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ። ሊሄድ ሲወርድ የመኪናው መስታወት ተሰብሮ፣ ሽጉጡም ተወስዶ አገኘው።

በዚያ ሌሊት ስለ ልጆቼ ያሰብኩት ትክክል ነበር ብዬ አሁንም አምናለሁ። ስለ ሌላ ሰው ልጆች ግን አላሰብኩም። ባደግሁበት በሰሜን ሸዋ ገጠር እንግዳ ጠመንጃውን አንግቶ ሲመጣ አባቴ በመጀመሪያ የሚቀበለው ጠመንጃውን ነበር። በሁለት እጁ ተቀብሎ ከምሰሶው ላይ ይሰቅለዋል፤ ሲሸኘው ደግሞ አውርዶ ያስረክበዋል። ጠመንጃ ከበቅሎ ኮርቻ ጋር ታስሮ ደጅ ሲቀር አይቼ አላውቅም። እኔ የተማርኩት ልጁ ግን እንግዳውን አስገብቼ መሣሪያውን ደጅ አሳደርኩት።

አሁን ወደ ሰፊው ሥዕል እንሂድ። የአሜሪካ የአልኮል፣ የትምባሆ፣ የጦር መሣሪያና የፈንጂ ጉዳዮች ቢሮ ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከ2017 እስከ 2021 ባሉት አምስት ዓመታት ከግለሰቦች እንደተሰረቁ የተመዘገቡት መሣሪያዎች ከ1 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ይህ ለፖሊስ የተነገረው ብቻ ነው። ኤቭሪታውን የተባለው ድርጅት የከተሞችን የወንጀል መዝገብ መርምሮ እንዳሳየው ደግሞ፣ በ2022 ከተሰረቁት መሣሪያዎች ከግማሽ በላይ የሆኑት የተወሰዱት ከመኪና ውስጥ ነው፤ ከአሥር ዓመት በፊት ድርሻው ሩብ ያህል ነበር። ድርጅቱ የመሣሪያ ቁጥጥር እንዲጠብቅ የሚታገል ወገን ያለው ተቋም ነው፤ መረጃው ግን ፖሊሶች ለፌዴራል ምርመራ ቢሮ የላኩት ስለሆነ በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

ለምን መኪና? መልሱ ከሌባው ወገን ሲታይ ቀላል ነው። ቤት ለመስበር ጊዜና ድፍረት ይጠይቃል። የመኪና መስታወት የሚሰበረው በጥቂት ሴኮንድ ነው፤ በሩ ሳይቆለፍ የተተወ ከሆነም መስበር አያስፈልግም። ከተሳፋሪው ወንበር ፊት ያለው መሳቢያ ቁልፍ ቢኖረው እንኳ በጠመዝማዥ ይከፈታል። አንዳንዱ ባለቤት ደግሞ የሽጉጥ ፋብሪካ አርማ ከኋላ መስታወቱ ላይ ይለጥፋል፤ ለሌባው ይህ ማስታወቂያ ነው። ሌላው ስታዲየም ወይም ጂም በር ላይ ደርሶ፣ ሰው እያየው፣ ከወገቡ ፈትቶ ከመቀመጫው ሥር ይከታል።

የዚህን መሳቢያ ደካማነት የፌዴራሉ ሕግም ያውቀዋል። በ1986 የወጣው የመሣሪያ ባለቤቶች ጥበቃ ሕግ መሣሪያ ይዞ ከግዛት ወደ ግዛት የሚያልፍ መንገደኛ ጥይቱን እንዲያወጣ፣ መሣሪያውንም በቀላሉ ከማይደረስበት ቦታ እንዲያስቀምጥ ያዛል። መኪናው የተለየ የኋላ ዕቃ መጫኛ ከሌለው በተቆለፈ መያዣ ውስጥ ይሁን ይላል፤ የፊቱ መሳቢያና በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያለው ሣጥን ግን እንደ መያዣ አይቆጠሩም ብሎ በግልጽ ይለያቸዋል። ነገር ግን ይህ ድንጋጌ ለመንገደኛ የተሰጠ ከለላ ነው እንጂ፣ ሠፈሩ ውስጥ መኪናውን አቁሞ እራት ለሚሄድ ሰው የተጣለ ግዴታ አይደለም።

ከባለቤቱ ወገን ሲታይ ነገሩ ይወሳሰባል። መኪናው ብዙውን ጊዜ በምርጫ የተመረጠ ማስቀመጫ አይደለም። ሌላው በር ሁሉ ሲዘጋ የሚቀር ቦታ ነው። ኦክላሆማ በ2004 ባወጣችው ሕግ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸው መሣሪያ በተቆለፈ መኪና ውስጥ ትተው ግቢያቸው ውስጥ እንዳያቆሙ መከልከል አይችሉም አለች፤ ሌሎች በርካታ ግዛቶችም ተከተሉ። አሠሪው ከቢሮው ይከለክላል፤ ሕጉ ከመኪና ማቆሚያው እንዳይከለክል ያዝዛል፤ ውጤቱ ከጠዋት እስከ ማታ ሽጉጥ ተሸክመው የሚቆሙ መኪኖች ናቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2022 በብሩን ጉዳይ ከቤት ውጭ ሽጉጥ መያዝ ሕገ መንግሥታዊ መብት ነው ብሎ ሲወስን፣ እንደ ኒው ዮርክ ያሉ ግዛቶች መሣሪያ የማይገባባቸውን ቦታዎች ዝርዝር አስረዘሙ። ክልከላውን አልቃወምም፤ እኔም በቤቴ በር ላይ ያደረግሁት ያንኑ ነው። የምቃወመው ክልከላው በሩ ላይ ሲያበቃ ነው። የከለከለ ሰው የተከለከለው ነገር ወዴት እንደሚሄድ የመጠየቅ ግዴታ አለበት።

አሁን ወደ አንድ ጉዳይ ልግባ። በሰኔ 2015 በሳን ፍራንሲስኮ፣ የፌዴራል መሬት አስተዳደር ቢሮ ጠባቂ የሆነ ሰው ጥይት የጎረሰ የሥራ ሽጉጡን በቦርሳ አድርጎ መንገድ ዳር ባቆመው የግል መኪናው ውስጥ ትቶ ሄደ። መስታወቱ ተሰብሮ ሽጉጡ ተሰረቀ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 1 ቀን፣ ከዚያ ብዙ በማይርቅ የወደብ መናፈሻ ውስጥ በሌላ ሰው እጅ ሳለ ተተኮሰ፤ ጥይቱ መሬት ነጥሮ ከአባቷ ጋር ትንሸራሸር የነበረችን የ32 ዓመት ሴት ገደለ። አገሪቱ ለዓመታት የተከራከረችው ተከሳሹ ያለ ፈቃድ የገባ ስደተኛ ስለመሆኑ ነበር። ስለ ቦርሳውና ስለ መስታወቱ የጠየቀው ጥቂት ሰው ነው። ተከሳሹ በ2017 ከግድያው ክስ ነጻ ወጣ። ቤተሰቧ በመንግሥት ላይ ያቀረበውን የካሣ ክስ ደግሞ የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ውድቅ አደረገው፤ በጠባቂው ቸልተኝነትና በሞቷ መካከል ብዙ ድርጊቶች ጣልቃ ስለገቡ ግንኙነቱ ሩቅ ነው በማለት።

ፍርዱን በቀላሉ የምነቅፍ አይደለሁም። የነጠረችዋን ጥይት ማንም አስቀድሞ ሊገምት አይችልም። ነገር ግን ስርቆቱን እንደ ያልተጠበቀ ጣልቃ ገብ ድርጊት መቁጠር ይከብደኛል፤ ሽጉጥን መቆለፍ ያስፈለገው ስርቆት የሚጠበቅ ስለሆነ ነውና።

ከእኛ ሕግ ጋር የማገናኘው እዚህ ላይ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነው ይላል። ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ግን ከኃላፊነት ይድናል። አንድ ተማሪ ባለፈው ዓመት ክፍል ውስጥ «ታዲያ መኪናው ውስጥ የነበረው ሽጉጥስ?» ብሎ ጠይቆኝ፣ ያን ዕለት በቂ መልስ አልሰጠሁትም። ዛሬ ልሞክር። ይህ ነጻ መውጫ በማመሳሰል ለሽጉጥ ሊዘረጋ አይገባም። ቁጥር 2081 ባለቤቱን ያለ ጥፋቱ ኃላፊ የሚያደርግ ድንጋጌ ስለሆነ፣ የዚያን ክብደት ለማለዘብ ልዩ ሁኔታ አበጀ። ሽጉጡን ከመቀመጫ ሥር የተወ ሰው የሚጠየቀው ግን በራሱ ጥፋት፣ በቁጥር 2028 ነው። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 24ም የምክንያትና የውጤትን ግንኙነት የሚመዝነው በነገሮች የተለመደ አካሄድ ነው። ሌባ መኪና ቢሰርቅ ሊሸጠው ወይም ሊሄድበት ይችላል። የተሰረቀ ሽጉጥ የተለመደ አካሄዱ ወዴት ነው? እዚህ ላይ ሞግቱኝ።

ካሊፎርኒያ ከዚያ ግድያ በኋላ፣ ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ፣ ፖሊሶችም ጭምር ሰው በሌለበት መኪና የሚተዉትን ሽጉጥ በኋላ ዕቃ መጫኛ ወይም ከእይታ ውጭ በተቀመጠ የተቆለፈ መያዣ እንዲያደርጉት አዘዘች። ኮሎራዶ በ2025 መጀመሪያ ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ መያዣው ጠንካራ ግድግዳ ያለው እንዲሆን ጨመረች። መልካም ጅምር ናቸው። የእኔ ምክር ግን ከዚህ ይቀድማል፦ የምትሄድበት ቤት እንደማያስገባህ ካወቅህ ሽጉጡን እቤት ካዝና ውስጥ ተወው። የግድ ከሆነ፣ ከመኪናው አካል ጋር በብሎን ወይም በብረት ገመድ የታሰረ የብረት ሣጥን ይኑርህ፤ ስታስቀምጠውም ከመድረስህ በፊት፣ ማንም ሳያይህ ይሁን። የሚከለክሉት ተቋማትም በራቸው ላይ ቁልፍ ያለው ማስረከቢያ ያኑሩ። ወጪ አለው፣ የተቋሙንም ኃላፊነት ይጨምራል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አባቴ ግን ምሰሶውን ያቆመው ለጠመንጃ ብሎ አልነበረም፤ ሚስማር መጨመር ነው የጠየቀው።

የአክስቴን ልጅ ነገር ልጨርስ። ቨርጂኒያ ከ2020 ጀምሮ ባለቤት መሣሪያው መጥፋቱን ወይም መሰረቁን ካወቀ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያመለክት ታዛለች። እሱ ፈርቶ ነበር፤ አንድ ቀን ሙሉ ለመንኩት፤ በማግሥቱ አብረን ሄድን። የመለያ ቁጥሩን ከግዢ ደረሰኙ ላይ አገኘነው። መርማሪው ቁጥሩን መዝግቦ ሲያበቃ «መኪና ውስጥ ለምን ተዉት?» ብሎ ጠየቀው። የአክስቴ ልጅ አንድ ጊዜ አየኝና «ረስቼው ነው» አለ። እኔም ዝም አልኩ።

ሽጉጡ እስከ ዛሬ አልተገኘም። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።