ከቁጣ በፊት የምንሰጠው ፍርድ

ኢስጦኢኮች የሚባሉት ፈላስፎች ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደሉም፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 አቴና ላይ ከጳውሎስ ጋር ሲከራከሩ ታገኟቸዋላችሁ። በሚቀጥለው ምዕራፍ የጳውሎስን ከሳሾች ከፍርድ ወንበሩ ፊት ያባረረው የአካይያ አገረ ገዥ ጋልዮስ ደግሞ የታላቁ ኢስጦኢካዊ የሴኔካ ወንድም ነው። ሴኔካ ስለ ቁጣ ሦስት መጻሕፍት ጽፎ ያበረከተው ለዚሁ ወንድሙ ነበር። ዛሬ ከእነዚያ መጻሕፍት አንድ ሐሳብ ይዤ ቀርቤያለሁ፦ ቁጣ እንደ ጎርፍ ድንገት የሚወስደን ነገር አይደለም፣ እኛው ፈርደን የምናስገባው ነው።

ሴኔካ ነገሩን በሦስት ደረጃ ያየዋል። የመጀመሪያው ከፈቃዳችን ውጪ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ሲረጭብን እንንቀጠቀጣለን፣ ክፉ ወሬ ስንሰማ ጸጉራችን ይቆማል፤ ሰው ሲበድለንም እንዲሁ ደማችን ይፈላል። ይህን ጠቢብም ቢሆን አያስቀረውም። ሁለተኛው ላይ ግን አእምሮ ቃል ይሰጣል፤ ተበድያለሁ፣ መበቀል ይገባኛል ይላል። ሦስተኛው ከመጣ በኋላ ሰውየው ራሱን አይገዛም፣ ምክርም አይሰማም። እንግዲህ ልንሠራበት የምንችለው ቦታ መካከለኛው ብቻ ነው።

ታክሲ ውስጥ ረዳቱ መልስ ሳይሰጠን ወደ ሌላ ተሳፋሪ ዞረ እንበል። የሆነው ነገር አምስት ብር አለመመለሱ ነው። ያቺው አምስት ብር ከኪሳችን ወድቃ ብትጠፋ ትንሽ ቆጭቶን እንረሳት ነበር። ደማችንን የሚያፈላው «ናቀኝ» የሚለው ነው፤ እሱን ደግሞ የጨመርነው እኛ ነን። ሰውየው ረስቶ ይሆናል፣ ዝርዝር አጥቶ ይሆናል፣ በእርግጥም ንቆን ይሆናል። ግን ሳንጠይቀው ፈርደንበታል። ሴኔካ የቁጣ ትልቁ መድኃኒት ማዘግየት ነው የሚለው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ይቅርታ አድርጉ አይልም፤ መርምሩ ነው የሚለው። ከዚያ በኋላም መልሳችንን መጠየቅ አይቀርም፤ «ወንድሜ፣ መልስ አለኝ» ለማለት ቁጣ አያስፈልግም። ሴኔካ ራሱ ማታ ማታ ቀኑን እንደ ዳኛ ይመረምር ነበር፤ ከሚገባው በላይ አምርሮ የገሠጸው ሰው ካለ ለነገ እንዲጠነቀቅ ለራሱ ይነግር ነበር።

ቁጣን አፍኖ መያዝ አይጎዳም ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። ይጎዳል። ነገር ግን አፈና የሚመጣው ፍርዱ ከጸና በኋላ ነው፤ «ናቀኝ» ብሎ ያመነ ሰው አፉን ቢዘጋ የሚያተርፈው ቂም ነው። ኢስጦኢኮች የሚነኩት ራሱን እምነቱን ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ አልበርት ኤሊስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ አዲስ የሕክምና መንገድ ሲዘረጋ፣ ሐሳቡን ሮም ውስጥ ባሪያ ከነበረው ከኢስጦኢካዊው ኤፒክቴተስ እንደወሰደ በግልጽ ተናግሯል።

ከሁሉም የሚከብደው የአርስቶትል ወገኖች የሚያነሡት ክርክር ነው፤ ቁጣ ከሌለ ግፍን ማን ይቃወማል? ሴኔካ ራሱ የጻፈውን ታሪክ እንይ። ቬዲየስ ፖሊዮ የተባለ ሀብታም ንጉሠ ነገሥቱን አውግስጦስን ራት ጋብዞ ሳለ፣ አንድ ባሪያ የክሪስታል ዋንጫ ሰበረ። ፖሊዮ ባሪያው ኩሬ ውስጥ ለሚያረባቸው ትላልቅ ዓሦች እንዲጣል አዘዘ። ባሪያው አምልጦ አውግስጦስ እግር ሥር ወደቀ። አውግስጦስ ባሪያው ነጻ እንዲወጣ፣ የቤቱ የክሪስታል ዋንጫዎች ሁሉ ፊቱ እንዲሰባበሩ፣ ኩሬውም እንዲደፈን አዘዘ። ግፉን ለማስቆም የተደረገው ሁሉ ልክ ያለው ትእዛዝ ነበር፤ በቁጣ የነደደውስ ፖሊዮ ነው።

እርግጥ አውግስጦስ ሥልጣን ነበረው። ሥልጣን የሌለው ተበዳይስ? ለእሱ ከመቆጣት በፊት መመርመሩ ይበልጥ ያስፈልገዋል ባይ ነኝ። አለቃው ሰው ፊት ያዋረደው ሠራተኛ ቁጣውን አለቃው ላይ አያወጣም፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ልጁን ይገርፋል፣ ሚስቱን ይሰድባል፣ የቤት ሠራተኛዋን ያንጓጥጣል። ነገ ጠዋት የተፈጸመበትን በቀንና በሰዓት ጽፎ፣ ያዩትን ምስክሮች ጠቅሶ አቤት ሊል የሚችለው፣ ማታውን ከልጁ ጋር በሰላም ራቱን የበላው ሰው ነው።