ሽለላና ሸክላ

ፍኖተ ሰላም ላይ ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤቱ የሚያቀናው፣ ቡሬ ላይ የጭነት መኪናውን አቁሞ እራቱን የሚጠብቀው፣ በጃቢ ጠህናን ገጠር ከብቱን አስገብቶ ሬዲዮኑን የከፈተው፣ ሁላችሁም ስሙኝ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጃዝ ሸክላ ነው። ጃዝ ሲባል ብዙ ሰው የአዲስ አበባ ሆቴል አዳራሽ ይታየዋል፤ የከተሜ መዝናኛ፣ የተማረ ሰው ሙዚቃ ይመስለዋል። እኔ ግን ይህን ወግ ለምዕራብ ጎጃም ሰው ያሰብሁት በምክንያት ነው። በሽለላ፣ በዋሽንትና በቅኔ ያደገ ሰው ጃዝ ለመስማት አዲስ ጆሮ አያስፈልገውም። ያለው ይበቃዋል።

ጌታቸው መኩሪያን ልጥራ። በ1935 በይፋት ተወለደ፤ ዓመቶቹን ዛሬ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው። በልጅነቱ ክራርና ማሲንቆ ይነካካ ነበር። አዲስ አበባ በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ሲቀጠር ክላርኔትና ሳክስፎን ተማረ፤ ከዚያ ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በኋላም ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተሻገረ። በዚያ ዘመን የሳክስፎን ሥራ ዘፋኙን ማጀብ ነበር። ጌታቸው ግን በ1950ዎቹ ሳክስፎኑን ይዞ ወደ ፊት ወጣና ሸለለበት። ቃል የለም፣ «ዘራፍ» የለም፤ ፉከራው ግን ምንም አልጎደለበትም። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ይወጣል፣ ላይ ሲደርስ ይሰነጠቃል፣ ወርዶ እንደ ገና ይነሣል። ሲሸልል መድረክ ላይ እንደ ጥንት አርበኛ ጎፈር ደፍቶ የሚቆምበት ጊዜ ነበር።

በ1972 ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ ሥራዎቹን በአንድ ትልቅ ሸክላ አሳተመ። ከብዙ ዓመት በኋላ ይህን ሸክላ የሰሙ የውጭ አገር ሰዎች አልበርት አይለር የሚባለውን አሜሪካዊ አስታወሳቸው፤ ከምትና ከሕግ የተፈታውን ጃዝ ከተጫወቱት ዋነኞች አንዱ ነው። ጌታቸው ግን ከማንም አልቀዳም። አይለር የመጀመሪያ ሸክላውን ሳይቀርጽ በፊት እሱ ሽለላውን ይዞት ነበር። ምንጩ የአገሩ ተዋጊና ገበሬ ነው።

ሸክላውን ከዚህ በፊት ሽለላ ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ብታሰሙት መጀመሪያ ምት ይፈልጋል፤ እግሩ የሚረግጠው ነገር ያጣል። የደምበጫ ገበሬ እንዲህ አይቸገርም። በጥር ሠርግ አንዱ ከመካከል ተነሥቶ ሲሸልል ከበሮው ዝም እንደሚል ያውቃል። የሚከታተለው ትንፋሹን ነው፤ የት እንደሚያነሣው፣ የት እንደሚሰብረው፣ ያባቱን ስም የት ላይ እንደሚጥለው። አውድማ ላይ የሚፎክር ሰው የተጠና ነገር አያቀርብም። የሰዎቹን ፊት እያየ፣ አጃቢው «በለው!» ባለ ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል። ይህ መከታተል ነው የጃዝ ሰሚ ዋና ሙያ። አንዳንዱ በመጽሐፍና በትምህርት ይደርስበታል፤ እዚህ ግን በልጅነት ነው የሚገባው።

ጃዝ ከሌላው ዘፈን የሚለየው ተጫዋቹ ዜማውን ይዞ እዚያው በቆመበት አዲስ ነገር በመፍጠሩ ነው። ትናንት የተጫወተውን ዛሬ እንዳለ አይደግመውም። የቅኔ ጉባኤዎቹን ዋሸራንና ጎንጅን ላፈራ አገር ይህን ማስረዳት ያሳፍረኛል። ቅኔ ዘራፊው ለዕለቱ ያፈለቀውን ቅኔ በሌላ ቀን አያቀርበውም፤ ለዚያ በዓል፣ በዚያ ማሕሌት ተባለ፣ አለቀ። ቅኔ ተቀባዩም ከአፉ እየነጠቀ ያስተጋባለታል። ጠጅ ቤት ደግሞ አዝማሪው «ተቀበል!» ተብሎ ግጥም ሲወረወርለት ማሲንቆውን ሳያቋርጥ ያዜመዋል። አሜሪካ ውስጥ መለከት ነፊውና ፒያኒስቱ እንዲህ ነው የሚጫወቱት፤ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ይቀበላል።

ሸክላ የሚያስፈልገው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ዘፈን ቢጠፋ ሌላ ዘፋኝ መልሶ ይዘፍነዋል። የቅኔ መምህራን የጥንቱን ጉባኤ ቃና በቃላቸው ይዘው ለትውልድ አሻግረዋል። አንድ ቀን ከሳክስፎን የወጣ ትንፋሽ ግን በቃል አይያዝም። ሰው ሲሞት አብሮ ይሞታል፤ የተቀረጸ ካልሆነ በቀር። ጌታቸው በ2016 ዐረፈ፤ በ1972 የሸለለው ሽለላ ግን መርፌው ባረፈበት ቁጥር ይሸለላል።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ እኔ ራሴ ስለዚህ ነገር ማውራት ስለምወድ ነው። ሸክላው ላይ ክብ ክብ ሆነው የሚታዩት መስመሮች ብዙ ይምሰሉ እንጂ አንድ ናቸው፤ በሬው ሳይፈታ ከዳር እስከ መሀል በዙሪያ የታረሰ አንድ ትልም በሉት። በትልቁ ሸክላ አንድ ገጽ ላይ ያለው ትልም ተዘርግቶ ቢለካ ወደ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ስፋቱ ግን ከፀጉር አይበልጥም። የትልሙ ግራና ቀኝ ግድግዳ በድምፁ ልክ ይሞገዳል። መርፌው በውስጡ ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል፣ መንቀጥቀጡ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል፣ ማጉያው ያጎላውና ስፒከሩ ያወጣዋል። ትልቁ ሸክላ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ ይዞርና በአንድ ገጽ ሃያ ደቂቃ ያህል ይይዛል። ትንሹ 45 ጊዜ ይዞራል፤ የሚይዘው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ነው። ለሽለላ ይህች ትንሽ ሸክላ ጠባብ ነበረች። ሠርግ ላይ የተነሣ ሰው በሦስት ደቂቃ አይቀመጥም። የጌታቸው ትልቅ ሸክላ የሚበልጥብኝም ለዚህ ነው፤ አንዱ ሽለላ ሲያበቃ ሌላው ይነሣል፤ ሰውየው እስኪደክመው ትሰሙታላችሁ።

የእኛ ሰው ድምፅ ሸክላ ላይ የገባው ከሁሉ አስቀድሞ በ1908 ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሄደው ያዜሙት ያኔ ተቀረጸ። ከዚያ ብዙ ቆይቶ በ1948 ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ሌላው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል የሙዚቃ መደብር ባለቤት፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ያለ ወጣት፣ ትእዛዙን አልፎ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተመ። አገር ውስጥ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ አልነበረም፤ የተቀረጸው ቴፕ ሕንድ አገር ተልኮ ታትሞ መጣ፤ በኋላ ሊባኖስና ግሪክም ታተመ። እስከ 1975 ድረስ አምሃ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና ደርዘን ያህል ትልልቆችን አወጣ። ያ ድፍረት ባይኖር ዛሬ ኢትዮ ጃዝ ብለን የምንኮራበት ነገር ትዝታ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ። አምሃ በ2021 ሲያርፍ የተደረገለት መታሰቢያ ለሥራው ያንሳል፤ ይህን ደፍሬ እላለሁ።

ከነዚያ ትልልቅ ሸክላዎች አንዱ የሙላቱ አስታጥቄ ነው። ጋሽ ሙላቱ በ1943 ጅማ ተወለደ፤ በእንግሊዝ አገርና በቦስተን ሙዚቃ ተማረ፤ ቫይብራፎን የተባለውን፣ የብረት ሳንቃዎች የተደረደሩበትን መሣሪያ ይዞ መጣ። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው፦ አምስት ድምፅ ያላቸውን የእኛን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን፣ ሳያበላሹ ከጃዝ አሥራ ሁለት ድምፅ ስምምነት ጋር ማዋደድ። ሲሠሩት ግን ከባድ ነው። ትንሽ ከበዛ ቅኝቱ ይሰበራል። በ1972 ኒው ዮርክ ላይ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን ሸክላ ቀረጸ፤ በ1974 ደግሞ አምሃ «የካቲት» በሚል ስም ሌላውን አሳተመለት። በመካከሉ፣ በ1973 ኅዳር፣ ታላቁ ዱክ ኤሊንግተን ከነባንዱ አዲስ አበባ መጥቶ ሙላቱ አብሮት ተጫወተ። ጥቂት ወራት ቆይቶ አብዮቱ ፈነዳ። ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ ዘጋው፤ አምሃ ተሰደደ፤ ካሴት ሸክላን ተካው። ካሴት ርካሽ ነው፣ በባትሪ ይሠራል፣ በአህያ ተጭኖ ገጠር ይገባል። ለጎጃም ገበሬ ባለውለታው ካሴት እንጂ ሸክላ አይደለም፤ ሸክላውን የሰማው በሬዲዮ ነው።

ለቡሬና ለእንጅባራ ሰው አንድ ሸክላ ለይቼ ልጠቁም። በ1977 ዋልያስ ባንድ ከሙላቱ ጋር ሆኖ «ቼ በለው»ን አወጣ፤ ያሳተመው ካይፋ የተባለው የሸክላ አሳታሚ ነው። የሸክላው ዘመን ማለቂያ ላይ የመጣ ሥራ ነው። የባንዱ አባል የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ሲጋልብ ይሰማል። የአገው ፈረሰኞችን ግልቢያ ያየ ሰው ይህን ሲሰማ የሚሰማው ነገር ከእኔ ይበልጣል።

ከዚያ በኋላ በሸክላዎቹ ላይ ያለው ሙዚቃ ወደ ውጭ አገር ወጣ። በ1997 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ጀመረ፤ አራተኛው የሙላቱ፣ አሥራ አራተኛው የጌታቸው ነበር። በ2005 የሙላቱ ዜማ በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገባና ዓለም ተነሣ። የዚያ የሸክላ ዘመን የመጀመሪያ እትም ዛሬ በብዙ መቶ ዶላር ይሸጣል። ፋልሴቶን አመሰግናለሁ፤ እሱ ባይደክም ብዙው ተረስቶ ነበር። ግን የእኛን ሽለላ ሊሰማ የሚፈልግ ወጣት ከፓሪስ ሳጥን እንዲቀዳ መሆኑ ያንገበግበኛል። ያንን ድምፅ ከማንም በተሻለ የሚለይ ጆሮ ፍኖተ ሰላም ነው ያለው።

ስለዚህ በቤታችሁ ሣጥን ውስጥ፣ በቆጥ ላይ፣ በአያት ቁም ሣጥን ሥር ሸክላ ካለ ልለምናችሁ። ተጋድሞ ከተደራረበ አውጥታችሁ አቁሙት፤ ክብደት ያጣምመዋል። ፀሐይ ከሚገባበት መስኮትና ከምድጃ አርቁት፤ ሙቀት ያለሰልሰዋል። ስትይዙት ጣት ትልሙን አይንካ፤ ዳርና ዳሩን ብቻ። የበጋው አቧራ ከገባበት በንጹሕ ውኃ፣ አንዲት ጠብታ ለስላሳ ሳሙና ጨምራችሁ፣ በዙሪያው አቅጣጫ በስስ ጨርቅ ጥረጉት፤ መሀል ያለው ወረቀት ግን አይርጠብ። ከባድ፣ ቶሎ የሚሰበር፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር የድሮ ሸክላ ከሆነ አልኮል አታስነኩት፤ ይቀልጣል፤ በዛሬ መርፌም አታጫውቱት፣ ትልሙ ሰፊ ስለሆነ ሌላ መርፌ ይፈልጋል። ገዢ መጥቶ ገንዘብ ቢዘረጋላችሁ ከመሸጣችሁ በፊት የመሀሉን ወረቀት ፊትና ጀርባ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ የዘፋኙ ስም፣ የአሳታሚው ስምና ቁጥሩ የሚነበብ ይሁን፤ ማጫወቻ ያለው ሰው ከተገኘም ሁለቱንም ገጽ እስከ መጨረሻው አስቀርጹ።