ታላቅ የነበረ ስለ ምን ያንሳል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



 የበዓል ንግግር ብዙ ጊዜ ያለፈውን ማመስገን ነው። እኛም ያለፈውን ማመስገን አንጠላም። ነገር ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ከዚህ ግቢ ወጥተን የምንሄድ ስለ ሆንን፣ ከምስጋናው ጋር አንድ ጥያቄ ትተን ልንሄድ ወደድን። ጥያቄውም፦ ታላቅ የነበረ ነገር ስለ ምን ያንሳል? የሚል ነው።

ነገሩ የተነሣው በክፍላችን ውስጥ ከተደረገ ክርክር ነው። ከመካከላችን ሬስሊንግ ማየት የሚወዱ አሉ። ወላጆቻችን ይህን ጨዋታ ብዙ እንደማትወዱት እናውቃለን፤ ግን ጥቂት ታገሡን። በአሜሪካ አገር ወርልድ ቻምፒዮንሺፕ ሬስሊንግ የሚባል ታላቅ ድርጅት ነበረ። እንዲህ ያለው ትግል አሸናፊው አስቀድሞ የሚወሰንበት፣ ወደ ቲያትር የሚጠጋ ነገር ነው። ቴድ ተርነር የተባለው የቴሌቪዥን ባለሀብት ድርጅቱን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1988 ገዛው። ከ1996 ጀምሮም ለ83 ሳምንት ያለ ማቋረጥ በተመልካች ብዛት ተቀናቃኙን በለጠ። ከዚያ በኋላ ግን አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በመጋቢት ወር 2001፣ ለዚያው ለበለጠው ተቀናቃኝ ተሸጠ።

ስለ ምን ወደቀ? በክርክራችን አንዱ ወገን፦ «ገንዘብ አልቆበት ነው» አለ። በ2000 ብቻ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደ ከሰረ ስለሚነገር ይህ ሐሰት አይደለም። ሌላው ወገን፦ «ባለቤቱ ስለ ተለወጠበት ነው» አለ። ይህም እውነት ነው፤ የተርነር ኩባንያ ከሌላ ታላቅ ኩባንያ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ አዲሶቹ አለቆች ትግሉን ከቴሌቪዥናቸው አወጡት። እኛ ግን ከዚህ በፊት የመጣ ምክንያት አለ ብለን ተከራከርን። እነ ሃልክ ሆጋን ያሉ ዕድሜያቸው 40 ያለፈ ስመ ጥሩዎች የላይኛውን ቦታ ይዘው ለወጣቶቹ አልለቅም አሉ። ማን እንደሚያሸንፍ የሚወሰነው በምክር ስለ ሆነ፣ ሥልጣን ያለው ሰው መሸነፍን እንቢ ማለት ይችል ነበር። ስቲቭ ኦስቲን በ1995 ተሰናበተ። ክሪስ ጄሪኮ በ1999፣ ኤዲ ጌሬሮ በ2000 ወጥተው ሄዱ። ሦስቱም በተቀናቃኙ ቤት ታላላቅ ሻምፒዮኖች ሆኑ።

እዚህ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ደጋ ገበሬው ገብሱን ሲያስገባ የዘሩን ለይቶ ያስቀምጣል። ክረምቱ ቢከፋ፣ ጎተራው ቢጎድል እንኳ የዘር ገብስ አይነካም። ዘሩን የፈጨ ሰው ለጥቂት ቀን ይጠግባል፤ ለከርሞ ግን ማሳው ባዶ ነው። ያ ድርጅት የዘሩን ገብስ ፈጭቶ በላው፤ የተረፈውም በጎረቤት ማሳ በቀለ።

የባዕድን ውድቀት መናገር ቀላል ነው። ስለዚህ አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ፤ ወደ አገራችን እግር ኳስ።

ኢትዮጵያ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ናት። በ1949 ዓ/ም በካርቱም የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲደረግ የተጫወቱት ግብፅ፣ ሱዳንና ኢትዮጵያ ብቻ ነበሩ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ/ም በአዲስ አበባ፣ ቡድናችን ከግብፅ ጋር ለዋንጫ ገጠመ። ግብፆች ሁለት ጊዜ ቀደሙ፤ የኛዎቹ ሁለት ጊዜ ደረሱባቸው፤ በተጨማሪውም ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፉ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁም የዚያ ቡድን ልጆች ነበሩ። የአገራችንን እግር ኳስ ያደራጁት አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ኋላ ከ1964 ዓ/ም እስከ ዐረፉበት እስከ 1979 ዓ/ም የመላው አፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ከዚያ ወዲህስ? በ1960 ዓ/ም ውድድሩ ሁለተኛ ጊዜ በአገራችን ሲደረግ አራተኛ ሆንን። በ1968 ዓ/ም ሦስተኛ ጊዜ ስናስተናግድ ከመጀመሪያው ዙር አላለፍንም። በ1974 ዓ/ም ወደ ሊቢያ የሄደው ቡድን አንድ ግብ እንኳ ሳያገባ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ እስከ 2005 ዓ/ም ድረስ 31 ዓመት ሙሉ የአፍሪካን ዋንጫ በሩቅ አየነው። በ2014 ዓ/ም እንደ ገና ገብተን ከምድባችን ሳናልፍ ቀረን። የ1954ቱ ዋንጫም እስከ ዛሬ ብቸኛው የአፍሪካ ዋንጫችን ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው ብንል፣ መጀመሪያ በሐቅ መናገር የሚገባን አንድ ነገር አለ። በ1954 ዓ/ም ለዋንጫው የተሰለፉት አራት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። ብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች ነፃ ከወጡ ገና ሁለት ዓመት አልሞላቸውም፤ ሌሎቹም ገና በቅኝ ግዛት ነበሩ። ዛሬ ለመጨረሻው ውድድር የሚሰለፉት 24 ናቸው። እኛ እንደ ነበርን ቆመን ሳለ ሌሎቹ ሮጡ። ከአንኮበር የመጡ ጓደኞቻችን ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቁታል፤ አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረች ናት፤ ያነሰችውም ማንም ድል አድርጓት ሳይሆን ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ስለ ሄደ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ከራሳችን የመጣ ነው። ከ1966 ዓ/ም ለውጥ በኋላ የቆዩ ክለቦች ስማቸውና አደረጃጀታቸው ተለዋወጠ፤ ጦርነቱም የወጣቱን ዕድሜ በላ። እነ ቫሳሎን ያፈራችው አሥመራም በ1985 ዓ/ም የሌላ አገር ዋና ከተማ ሆነች። በሐምሌ 2000 ዓ/ም በፌዴሬሽኑ አመራር ላይ በተነሣው ጠብ ምክንያት የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋ አገራችንን አገደ፤ ከዓለም ዋንጫ ማጣሪያም ወጣን። በ2005 ዓ/ም ደግሞ በቢጫ ካርድ ምክንያት መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች በቦትስዋናው ግጥሚያ ተሰልፎ በሜዳ ያገኘነውን 3 ነጥብ በወረቀት አጣን። በ1993 ዓ/ም ከ20 ዓመት በታች ያሉ ልጆቻችን እስከ አርጀንቲና ለዓለም ዋንጫ ደርሰው ነበር፤ ዋናው ቡድን ግን ከዚያ በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ የበቃው 12 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ዘር ነበረ፤ ማሳው አልተዘጋጀም።

ከሁሉ የሚያሳዝነን የሚከተለው ነው። በሰኔ 2014 ዓ/ም ቡድናችን ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ። ግጥሚያው በደንቡ የኛ የሜዳ ግጥሚያ ነበር። ነገር ግን በአገራችን ኮንፌዴሬሽኑ የሚቀበለው ስታዲየም ስላልነበረ የተደረገው በማላዊ አገር፣ በሊሎንግዌ ከተማ ነው። አያቶቻችን የ1954ቱን ድል በአዲስ አበባ በዓይናቸው አዩ፤ እኛ ደግሞ የራሳችንን የሜዳ ድል ከሰው አገር በቴሌቪዥን ተመለከትን። ልጆቹ ችሎታ አላነሳቸውም፤ ያነሳቸው የሚጫወቱበት ቤት ነው።

አሁን ደግሞ፣ የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የራሳችንን ጥፋት ልንናገር ነው። ባለፈው ዓመት የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ልጆች ወደ ትምህርት ቤቱ ቡድን መጥተው፦ «እኛም ከናንተ ጋር እንለማመድ» ብለው ለመኑን። እኛም «ሜዳው አይበቃም፤ ደግሞ በናንተ ምክንያት ዋንጫ እንዳናጣ» ብለን መለስናቸው። ዋንጫውንም አገኘን። ፎቶግራፉ በዚሁ መጽሔት ላይ ታትሞ ታዩት ይሆናል። በፎቶግራፉ ላይ ከቆሙት 11 ልጆች 9ኙ በዚህ ዓመት መጨረሻ እንሰናበታለን። በሚመጣው መስከረም ማን እንደሚጫወት ስንጠያየቅ ከመካከላችን መልስ የሰጠ አልነበረም። ስለ ሬስሊንግ ድርጅቱ ስንከራከር ሽማግሌዎቹን እንወቅስ ነበር፤ ለካስ ሽማግሌዎቹ እኛ ነን።

ስለዚህ በመካከላችን ተማክረን ይህን ወስነናል። ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ በልምምድ ሰዓት የሜዳው እኩሌታ የታናናሾቻችን ነው። በዚህ ዓመት ከቀሩን 3 ግጥሚያዎች በሁለቱ እነርሱ ይሰለፋሉ፤ እኛ ከመስመር ውጭ ቆመን ኳስ እናቀብላለን። ምናልባት እንሸነፍ ይሆናል። ብንሸነፍ ሽንፈቱ በእኛ ስም ይጻፍ፤ በእነርሱ አይደለም።

መምህሮቻችን ሆይ፤ ይህ ነገር የኳስ ብቻ አይደለም። በክርክር ክበብም፣ በቤተ መጻሕፍትም፣ በቤተ ሙከራም የለመደው ተማሪ ብቻ ሲሠራ ታናሹ እጁን አጣጥፎ ያያል። ወላጆቻችን ሆይ፤ ታናሽ ወንድማችን ማታ ጭቃ ለብሶ ቢገባ ከመቆጣታችሁ በፊት ትምህርቱን ማጥናቱን ጠይቁት፤ አጥንቶ እንደ ሆነ ጭቃው ይታጠባል።

የትምህርት ቤታችን ዕድሜ ሲቈጠር ያለፉት ዓመታት ክብር ናቸው። ነገር ግን የዋንጫ መደርደሪያ ጎተራ ነው እንጂ ማሳ አይደለም። እኛ የምንተወው ዋንጫ አቧራ ይለብሳል፤ የምንተወው ልጅ ግን ሌላ ልጅ ያስተምራል። በሚመጣው የበዓል ዓመት ተጋብዘን ስንመጣ፣ ስማችንን ከግድግዳ ላይ ከማንበብ ይልቅ የማናውቀው ልጅ በሜዳው ላይ ሲበልጠን ብናይ ደስ ይለናል።