የራጅ መሣሪያ ምንድን ነው? እንዴትስ ይያዛል?

የዛሬው ውይይታችን ስለ ራጅ ነው። ይህን ጨረር ያገኘው ሮንትገን የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ነው፤ ጊዜውም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1895 ነበር።

በመሣሪያው ውስጥ አየሩ ተመጥጦ የወጣለት የብርጭቆ ቱቦ አለ። በአንድ በኩል ያለው ቀጭን ሽቦ እንደ አምፑል ሽቦ ይግላል። ከሽቦው የሚነሡ ኤሌክትሮኖች በብዙ ሺህ ቮልት ተገፍተው ቱንግስተን የሚባል ብረት ይመታሉ። ጨረሩ የሚወጣው ከዚህ ነው። ግን ጨረር የሚሆነው ከመቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ነው። ጨረሩ ሥጋን በቀላሉ ያልፋል፤ አጥንት ግን ብዙውን ያስቀረዋል። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ አጥንት ነጭ፣ አየር የያዘ ሳንባ ጥቁር ሆኖ ይታያል።

ታዲያ መሣሪያው ጥበቃ ይፈልጋል። ባለሙያው ጠዋት ቱቦውን በትንሽ ኃይል ያሟሙቀዋል፤ ቀዝቅዞ ሳለ በአንዴ ከባድ ሥራ ቢሰጠው የሚመታው ብረት ሊሰነጠቅ ይችላል። እርሳስ ያለበትን ሽርጥ ይሰቅለዋል እንጂ አያጥፈውም፤ ከታጠፈ ውስጡ ተሰንጥቆ ጨረር ያሳልፋል። የጨረሩም ልክ በየጊዜው በመለኪያ ይታያል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሥዕሉ ከደበዘዘ በሽታው ይሸሸጋል። እንደገና ይነሣ ከተባለም በሽተኛው ሌላ ጨረር ይቀበላል፤ ጨረር ደግሞ ሲበዛ ይጎዳል እኮ!

እኛም ድርሻ አለን። ጌጣችንን እናውልቅ፤ ትንፋሽ ያዙ ስንባል እንያዝ፤ አንንቀሳቀስ። እርጉዝ የሆነች ደግሞ አስቀድማ ትናገር። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!