ሊነበቡ ስለሚገባቸው የሳይንስ ልብ ወለዶች
(በሥነ ጽሑፍ ክበባችን የተደረገ ንግግር)



ልብ ወለድ የሚያነብ ተማሪ ጊዜውን ያባክናል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ታሪኩ ስለ ሰማይ መርከብና ስለ ተናጋሪ ማሽን የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ወቀሳው ይብሳል፤ «ያልነበረውንና የማይኖረውን ማንበብ ምን ይረባል?» ይባላል። ወቀሳው ፈጽሞ መሠረት የለውም አልልም፤ ከጦርነትና ከጭራቅ በቀር ሌላ ነገር የሌለባቸው ወፋፍራም መጻሕፍት ሞልተዋልና። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት ከወጡት መካከል ስለ ራሳችን ኑሮ አጥብቀው የሚጠይቁን አሉ። ከእነርሱ ሦስቱን ዛሬ አቀርባለሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው፣ አንዲ ዊር የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ በ2021 ያወጣው «ፕሮጀክት ሄይል ሜሪ» ነው። ኃይሏን የሚመገቡ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ስለ በዙባት ፀሐይ ብርሃኗ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ምድርም ልትቀዘቅዝ ነው። መድኃኒቱን ለመፈለግ ታው ሴቲ ወደ ተባለው ኮከብ በተላከው መርከብ ውስጥ ከእንቅልፉ የሚነቃው ሰው ጀግና ወታደር እንዳይመስላችሁ፤ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ መምህር ነው። ስሙን እንኳ ረስቷል። በምድር ላይ አለመሆኑን የተረዳው ማንም ነግሮት አይደለም፤ ዕቃ እየጣለ፣ የሚወድቅበትንም ጊዜ በሰዓት እየለካ፣ የሚስበው ኃይል ከምድር ስበት እንደሚበልጥ በሒሳብ ደረሰበት እንጂ። ይህን ሙከራ እኛም በፊዚክስ ክፍል ሠርተነዋል፤ የእኔ ውጤት ግን እዚህ ባይነገር ይሻላል።

በኋላም ይህ መምህር ከሌላ ዓለም የመጣ፣ ዓይን የሌለው፣ አካባቢውን በድምፅ የሚያውቅ፣ ንግግሩም እንደ ዜማ የሆነ ፍጡር ያገኛል። ፍጡሩ የሚቆጥረው እንደ እኛ በአሥር ሳይሆን በስድስት ነው። ሁለቱ እንዴት እንደሚግባቡ የሚተርከው ክፍል ከመጽሐፉ ሁሉ ይበልጥብኛል። ጉድለቱን ልሰውር አልፈልግም፤ ከሁለቱ በቀር ሌሎቹ ሰዎች እንደ ጥላ ያልፋሉ፤ ቀልዱም አንዳንድ ጊዜ ይበዛል።

ሁለተኛው በዚያው በ2021 የወጣው «ክላራና ፀሐይ» ነው። ደራሲው ካዙኦ ኢሺጉሮ በጃፓን አገር በናጋሳኪ ተወልዶ በእንግሊዝ ያደገ፣ በ2017 የሥነ ጽሑፍ ኖቤል ሽልማት የተቀበለ ሰው ነው። እዚህም ፀሐይ አለች፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። ክላራ ለልጆች ጓደኛ እንድትሆን በሱቅ የምትሸጥ፣ በሰው አምሳል የተሠራች ሮቦት ናት። የምትንቀሳቀሰው በፀሐይ ብርሃን ስለ ሆነ፣ ፀሐይን እንደ ቸር አባት ታያለች፤ የተገዛችላትም ልጅ ጆሲ በታመመች ጊዜ ለፀሐይ ትማፀናለች።

ጆሲ ለምን ታመመች? የመጽሐፉ ልብ ይህ ነው። በዚያ አገር የሚችሉ ወላጆች የልጆቻቸው አእምሮ እንዲላቅ ብለው ተፈጥሯቸውን በሕክምና ያስለውጣሉ። ሕክምናው ግን አንዳንዱን ልጅ ያሳምማል፤ የጆሲ ታላቅ እኅት ሳል ሞታለች። እናቲቱ ግን አንዷን ቀብራ ሁለተኛዋንም አስለወጠች። ጎረቤታቸው ሪክ ደግሞ ብልህ ልጅ ነው፤ ነገር ግን ስላልተለወጠ ከጥቂት በቀር የዩኒቨርሲቲ በር ሁሉ ተዘግቶበታል።

እናቲቱ ክፉ ሴት ብትሆን ኖሮ ጠልተናት መጽሐፉን እንዘጋው ነበር። ደራሲው ግን ይህን መንገድ ከለከለን። ያደረገችው ሁሉ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ልጇ ከሌሎቹ አንሳ ስትቀር ለማየት አልቻለችም። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ሕክምና የለም፤ ይሁንና ልጃቸው ከጎረቤት ልጅ እንዳያንስ ሲሉ እስከ እኩለ ሌሊት የሚያስጠኑ፣ ከትምህርት በኋላ ሌላ ትምህርት የሚጨምሩ፣ ልጁ ሲከሳም እያዩ «ከፈተናው በኋላ ያርፋል» የሚሉ ወላጆች አሉ። ይህን የምለው በድፍረት አይደለም። ወላጆቻችን ስለ እኛ ሲሉ ምን እንዳጡ እናውቃለን፤ ደክሞናል ማለት የሚያሳፍረንም ስለዚህ ነው። ሪክም ከጆሲ ጎን ሲቀመጥ ምን ይሰማው እንደ ነበር፣ የደረጃ ዝርዝር በተለጠፈ ቁጥር ከታች የሚገኝ ጓደኛችንን ብንጠይቀው ሳይነግረን አይቀርም።

እናቲቱ ክላራን የገዛችበት ሌላ ስውር ሐሳብም አላት፤ እርሱን ከተናገርሁ ግን የመጽሐፉን ጣዕም አጠፋለሁ።

ሦስተኛው ወደ ተረት የሚጠጋ ነው። እንግሊዛዊቱ ሱዛና ክላርክ የመጀመሪያ ልብ ወለዷን በ2004 አውጥታ ለብዙ ዓመታት ከታመመች በኋላ በ2020 «ፒራኔዚ»ን አወጣች። አዳራሹ ማለቂያ በሌለው፣ ሐውልት በሞላበት፣ የባሕር ማዕበል በሚገባበት ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ያየውን ሁሉ በማስታወሻ ደብተር ይጽፋል። ዓመቱን የሚጠራው በቁጥር አይደለም፤ አንድ ትልቅ የባሕር ወፍ በመጣበት ዓመት እያለ ነው እንጂ። አያቶቻችንም የልደታቸውን ዘመን እንዲሁ በሆነው ነገር ስለሚቆጥሩ ይህ ለእኔ እንግዳ አልሆነብኝም። ሰውየው ማን እንደ ሆነና ወደዚያ ቤት እንዴት እንደ ገባ የሚገለጠው ከገዛ ደብተሩ ነው።

ሦስቱንም ያነበብኋቸው በእንግሊዝኛ ነው። ለመጀመር የሚሻ ጓደኛዬ አጭሩን «ፒራኔዚ»ን ይያዝ፤ መግቢያው ግራ ቢያጋባው አይተወው። ሳይንስ የሚወድ ከዊር ይጀምር፤ ስሌቱንም እርሳስ ይዞ አብሮ ይሥራ። «ክላራና ፀሐይ» ግን ከእጄ ወጥቷል፤ አባቴ ማንበብ ከጀመረ ሁለት ሳምንት ሆነው፤ እስከ ዛሬም አልመለሰልኝም።