ከዓይን መርፌ በኋላ እስከ ሰኞ አትጠብቁ

(በዓይን ሕክምና ነርስነት የምትሠራ አባላችን በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ ያደረገችው ንግግር)

ከመካከላችን ስኳር ያለብን ብዙ ነን፤ አንዳንዶቻችሁም በየወሩ ዓይናችሁን ትወጋላችሁ። «መርፌው ራሱ ዓይኔን ቢያጠፋውስ?» ብላችሁ ስለጠየቃችሁኝ ነው ዛሬ የቆምኩት።

ስኳር ሲቆይ የሬቲናን ደም ሥሮች ይጎዳል፤ ፈሳሽ ያንጠባጥባሉ፣ እይታም ይደበዝዛል። መርፌው ያንን ያደርቃል። አደጋ የለውም አልላችሁም። ጀርም አብሮ ከገባ ኢንዶፍታልማይቲስ የሚባል፣ በጥቂት ቀናት ዓይን ሊያጠፋ የሚችል ኢንፌክሽን ይነሳል። በንጽሕና ሲሠራ ግን የሚያጋጥመው ከ2000 እስከ 3000 መርፌ በአንዱ ገደማ ነው። ስለዚህ ፈርታችሁ ቀጠሮ አትቅሩ፤ ያልታከመ ስኳር የሚያጠፋው ዓይን ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

ጀርሙ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከራሳችን ሽፋሽፍት ወይም ከአፍ ትንፋሽ ነው። የሚጨመርላችሁ ቡናማ ፈሳሽ፣ ፖቪዶን አዮዲን፣ ያቃጥላል፤ «ይቅርብኝ» ግን አትበሉ፣ ዋናው ጠባቂያችሁ እሱ ነው። ኩል ተኳኩላችሁ አትምጡ። ሲወጉም ወሬ ይቅር (እኛ ሴቶች ይከብደናል፣ አውቃለሁ)።

አቫስቲን ለካንሰር የተሠራ መድኃኒት በመሆኑ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ሰው ዓይን ይከፋፈላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ማያሚ አካባቢ አንድ ፋርማሲ ሲከፋፍለው በተበከለ አቫስቲን 12 ሰዎች ዓይናቸው ተመርዟል። «መድኃኒቱ የተቀዳው የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

በመጀመሪያው ቀን አሸዋ እንደገባበት ቢቆረቁራችሁ፣ ነጩ ላይ ደም የመሰለ ነገር ያለ ሕመም ቢታይ አትደንግጡ። የሚያስፈራው በ2ኛው፣ በ3ኛው፣ እስከ 5ኛው ቀን ድረስ ሕመሙና ቅላቱ ሲብስ፣ ብርሃን ሲያስቸግር፣ ከሁሉም በላይ እይታ ሲቀንስ ነው። ባያምም እንኳ እይታ ከቀነሰ በዚያው ሰዓት ወደ ዓይን ሐኪም ሂዱ። የጡት ወተት ወይም ከጎረቤት የተረፈ ጠብታ አታድርጉበት። ጠብታ ከላይ ነው የሚቀረው፤ አንቲባዮቲኩ ዓይን ውስጥ በመርፌ መግባት አለበት፣ አንዳንዴም ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል።

ሴቶች የሚዘገዩት ባለማወቅ ብቻ አይደለም። ልጆቹን ማን ይይዝልኛል፣ የሌሊት ታክሲ በምን ልክፈል ይላሉ። ስለዚህ የታክሲው ወጪ ከድንገተኛ ሳጥናችን እንዲወጣ፣ በየሰፈሩም ልጅ የምትጠብቅ አንዲት አባል እንድትመደብ ለኮሚቴው ጥያቄ አቅርቤያለሁ። ከቡና በኋላ ድምፅ እንሰጥበታለን።