የሰርቨር ክፍሉ ሙቀት ወዴት ይሂድ?

የማወራው ከኮምፒውተር ስለሚወጣ ሙቀት ነው።

ይህ ተቋም በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት ሲጀመር የታካሚ ካርድ ወረቀት ነበር። ወረቀት አይግልም። ሰርቨር ግን የሚበላውን መብራት ከሞላ ጎደል በሙሉ ሙቀት ያደርገዋል። 4 ኪሎዋት የሚወስድ የሰርቨር መደርደሪያ ማለት አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሌት ተቀን እንደተጣደ ነው። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ማሽኖቹን ይይዛል፤ ኤርኮንዲሽነሩን ግን ብዙ ጊዜ አይችልም። ክፍሉ ይግላል፣ ሰርቨሩ ራሱን ያጠፋል፣ ሐኪሙ የታካሚውን መዝገብ ያጣል።

«ሙቀቱን ወደ ኤሌክትሪክ እንመልሰው» የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። ይቻላል። ዜቤክ በ1821 እ.ኤ.አ. በደረሰበት መንገድ፣ አንድ ፊቱ ሲሞቅ ሌላው ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ዕቃ ገበያ ላይ አለ። ግን እናስላው፦ ሙቁ 60 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው 15 ዲግሪ ቢሆን ተፈጥሮ ራሷ ከ14 በመቶ በላይ አትፈቅድም። ዕቃው 2 በመቶ ከሰጠን ደግ ነው። ከ4 ኪሎዋት 80 ዋት፤ ጥቂት አምፖል! ለላቦራቶሪ ትምህርት ጥሩ ነው፤ ለግዥ ግን አልመክርም።

የእኛ ሀብት ብርዱ ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር፣ ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ደባርቅ ማታ ጋቢ ያስደርባል፤ ሰርቨር ደግሞ እስከ 27 ዲግሪ ያለ አየር ይስማማዋል። ታዲያ በዚያ ብርድ መስኮት ዘግቶ ኤርኮንዲሽነር ማስጮህ ምን ይሉታል? ማራገቢያና ማጣሪያ ይበቃል፤ ማራገቢያ ደግሞ ባትሪውም ይችለዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ጎንደር ስለሚሞቅ ኤርኮንዲሽነሩ ለዚያ ጊዜ ተጠባባቂ ይሁን።

የደጋ አየር ግን ስስ ነው። ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ማራገቢያው ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ጎንደር ላይ በሩብ፣ ደባርቅ ላይ በሲሶ ያህል የበዛ አየር መግፋት አለበት። ከቆላ የተገለበጠ ንድፍ እዚህ አይሠራም። የበጋው አቧራም አለ፤ ማጣሪያ የሚያጥብ ሰው ካልተመደበ ነገሩ ይቅር።

የሚወጣው ሙቅ አየርስ? በሙቀትነቱ እንጠቀምበት። ጀርመን አገር ጋርሺንግ ያለው የሱፐርኮምፒውተር ማዕከል ማሽኖቹን ባቀዘቀዘው ሙቅ ውሃ ሌላ ማቀዝቀዣ ያንቀሳቅሳል፤ ያ ግን የትልቅ ማዕከል ሥራ ነው። ለእኛ የሚቀርበው ጎረቤት ቢሮን ማሞቅ፣ ድርቆሽ ወይም ብቅል ማድረቅ ነው፤ ብናኙ ተመልሶ እንዳይገባ መውጫው ከመግቢያው ይራቅ እንጂ።

ግንባታ ላይ ያላችሁ ጓደኞቼ፣ አዲስ የሰርቨር ክፍል ስትነድፉ የአየር መግቢያና መውጫውን ከኮንክሪቱ በፊት አስቡለት። ከዚያም በፊት ቦታው ላይ ቴርሞሜትር ሰቅላችሁ ክረምቱንም በጋውንም መዝግቡ።